ኢብኑ ጡፈይል፦ ከልጁ ኋላ የቆሙት ተራኪ



ለዚህች መጽሔት ከሚደርሱን ጽሑፎች መካከል አጫጭር ልቦለዶች ጥቂት አይደሉም። አብዛኞቹም ስለ ወጣት ጀግና ናቸው፤ ከገጠር መድረሳ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ስለገባ ልጅ፣ የጓደኞቿን ግፊት ስለምትቋቋም እህት፣ አባቱን አጥቶ ቤተሰቡን ስለሚሸከም ታዳጊ። ሐሳባቸው መልካም ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ገና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ልጁ ይጠፋና በቦታው ኹጥባ የሚያደርግ ሰው ይቆማል። ልጁ ያልገባውን ተራኪው ያብራራል፤ ልጁ ያልጠየቀውን ተራኪው ይመልሳል። አንብበን ስንጨርስ የጸሐፊውን አቋም አውቀናል፤ ልጁን ግን አላወቅነውም።

በሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ስለ ትረካ አንፃር ተምረናል። ባለታሪኩ ራሱ «እኔ» እያለ ሲተርክ አንደኛ መደብ ነው። ሌላ ሰው ከውጭ ሆኖ «እሱ» ወይም «እሷ» እያለ ሲተርክ ሦስተኛ መደብ ነው። የሦስተኛ መደብ ተራኪም ሁሉን አወቅ ሊሆን ይችላል፤ ወይም በአንድ ገፀ ባሕርይ ዓይን ብቻ እንዲያይ ተወስኖ ሊቀመጥ ይችላል። ይህን ለፈተና ሸምድደን አልፈነዋል። ስለ ልጅ የሚጽፍ ሰው ግን ጥያቄው የፈተና አይደለም። የልጅን ታሪክ መተርክ ያለበት ማን ነው? የት ቆሞስ ነው የሚተርከው?

ይህን ጥያቄ በሥራቸው ከመለሱት አንዱ ከስምንት መቶ ዓመታት በፊት ያረፉ የአንደሉስ ሐኪም ናቸው። ስማቸው አቡ በክር ሙሐመድ ኢብኑ ዐብዱልመሊክ ኢብኑ ጡፈይል አልቀይሲ ነው። ብዙዎቻችን ኢብኑ ሲናንና ኢብኑ ሩሽድን በስም እናውቃለን። ኢብኑ ጡፈይል በሁለቱ መካከል የቆሙ፣ ከአንዱ የተቀበሉ፣ ለሌላው መንገድ የከፈቱ ሰው ናቸው። የዛሬው ጽሑፋችን የእሳቸው ሕይወት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዋዲ አሽ እስከ መራኪሽ

ኢብኑ ጡፈይል የተወለዱት በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ዋዲ አሽ በምትባል ከተማ ነው። ከተማዋ ዛሬ ጓዲክስ ትባላለች፤ በደቡብ ስፔን ከግራናዳ በስተ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ኢብኑ ጡፈይል ሕክምና ተምረው በግራናዳ ሐኪም ሆኑ። ቀጥሎም የግራናዳው አገረ ገዢ ጸሐፊ ሆነው አገለገሉ። በ1154 የሴውታና የታንጀር አገረ ገዢ ለነበረው የኸሊፋው ዐብዱልሙእሚን ልጅ ጸሐፊ ሆኑ።

ዘመኑ የሙወሒዶች ዘመን ነበር። ከአትላስ ተራሮች የተነሣው ይህ ንቅናቄ ከእሱ በፊት የነበረውን የሙራቢጦች መንግሥት ጥሎ ሞሮኮንና የስፔንን ሙስሊም ግዛት በአንድ አስተዳደር ሥር አድርጎ ነበር። መናገሻው መራኪሽ ነበረች። በ1163 ሥልጣን የያዙት አቡ የዕቁብ ዩሱፍ መጻሕፍት የሚያሰባስቡ፣ ከሊቃውንት ጋር መጨዋወት የሚወዱ ገዢ ነበሩ። ኢብኑ ጡፈይልም የእኚህ ኸሊፋ የግል ሐኪም ሆኑ። የታሪክ ጸሐፊው ዐብዱልዋሒድ አልመራኩሺ እንደዘገቡት ኸሊፋው እጅግ ከመውደዳቸው የተነሣ ኢብኑ ጡፈይል ለቀናት ከቤተ መንግሥቱ ሳይወጡ ቀንና ሌሊት አብረዋቸው ይቆዩ ነበር።

ይኸው ጸሐፊ የሚነግሩን አንድ ነገር በተለይ እኛን የምህንድስና ተማሪዎችን ፈገግ ያሰኛል። ኢብኑ ጡፈይል ደመወዝ ይቀበሉ የነበረው በአንድ መዝገብ ብቻ አልነበረም፤ ከሐኪሞች፣ ከመሐንዲሶች፣ ከጸሐፊዎች፣ ከገጣሚዎች፣ ከቀስተኞችና ከወታደሮች ጋር ሁሉ ይከፈላቸው ነበር። የሙዚቃ ዕውቀት ገበያ ቢኖረው ኖሮ እሱንም ባቀረብኩላቸው ነበር እያሉ ይቀልዱ እንደነበርም ተዘግቧል። በሕክምና ላይ ከ7,000 በላይ ስንኞች ያሉት የማስተማሪያ ግጥም ጽፈዋል። የሥነ ፈለክ ዕውቀትም ነበራቸው። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ሲጽፍ ዕውቀቱን በየገጹ ለመዘርገፍ ምን ያህል እንደሚፈተን መገመት አያዳግትም። ይህን ነጥብ እናቆየው፤ ወደ ልቦለዳቸው ስንደርስ እንመለስበታለን።

ሌላው እንዲናገር

ኢብኑ ጡፈይል በቤተ መንግሥቱ ከሠሩት ሥራ ትልቁ ሊቃውንትን ከየአገሩ ፈልገው ከኸሊፋው ጋር ማገናኘታቸው ነው። ከእነዚህ ሁሉ የላቀው ደግሞ በ1126 በኮርዶባ የተወለዱት ኢብኑ ሩሽድ ናቸው። መገናኘታቸው በ1169 ገደማ እንደነበር ይነገራል።

ኢብኑ ሩሽድ ሲገቡ ኸሊፋውንና ኢብኑ ጡፈይልን ለብቻቸው ተቀምጠው አገኟቸው። ኢብኑ ጡፈይል እንግዳውን ቤተሰቡን ጭምር እያወደሱ አስተዋወቁ። ኸሊፋው ስሙን፣ የአባቱን ስምና ዘሩን ከጠየቁ በኋላ በቀጥታ ወደ ከባድ ጥያቄ ገቡ፤ ፈላስፎች ስለ ሰማይ ምን ይላሉ፣ መጀመሪያ የሌለው ነው ወይስ የተፈጠረ? በዚያ ዘመን ለዚህ ጥያቄ በገዢ ፊት መልስ መስጠት ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። ኢብኑ ሩሽድ ፈሩ፤ አፈሩ። ፍልስፍና እንደማይመለከቱ ተናገሩ። ኸሊፋው ፍርሃቱ ገባቸውና ፊታቸውን ወደ ኢብኑ ጡፈይል አዙረው በጉዳዩ ላይ ከእሳቸው ጋር መወያየት ጀመሩ፤ የአሪስጣጣሊስንና የአፍላጦንን ሐሳብ፣ የሙስሊም ሊቃውንትንም ተቃውሞ እያነሡ። እንግዳው የሁለቱን ውይይት ሲሰሙ ቀስ በቀስ ልባቸው ተረጋጋ፤ ያላቸውንም ተናገሩ። ሲወጡ ገንዘብ፣ የክብር ልብስና የሚጋልቡት እንስሳ ተሰጣቸው።

ከዚያ በኋላም ኢብኑ ጡፈይል ኢብኑ ሩሽድን ጠርተው የኸሊፋውን ቅሬታ ነገሯቸው። የአሪስጣጣሊስ መጻሕፍት ትርጉማቸው ግልጽ ስላልነበር ኸሊፋው የሚያብራራላቸው ሰው ይፈልጉ ነበር። ኢብኑ ጡፈይል እሳቸው ዕድሜያቸው እንደገፋና በሥራ እንደተያዙ ገልጸው ሥራውን ለታናሻቸው አስረከቡ። ኢብኑ ሩሽድ በአውሮፓ ለብዙ ዘመን የታወቁባቸው ማብራሪያዎች መነሻ ይህ ንግግር ነው።

የመጀመሪያው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ቦታውን ለሌላ መልቀቁ ብዙ የሚታይ ነገር አይደለም። ኢብኑ ጡፈይል በልቦለዳቸው ውስጥም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ሽማግሌው ሕፃን ሆነ

እስከ ዛሬ የሚታወቁበት መጽሐፍ «ሐይ ኢብኑ የቅዛን» ይባላል። ስሙ ሕያው፣ የንቁው ልጅ እንደማለት ነው። አጭር ሥራ ነው፤ በአንድ ቀን ተነብቦ ያልቃል። ስሙን ግን ኢብኑ ጡፈይል አልፈጠሩትም። በ1037 ያረፉት ኢብኑ ሲና በዚሁ ስም አንድ አጭር ምሳሌያዊ ታሪክ ጽፈው ነበር።

ሁለቱን ስናስተያይ የአንፃር ለውጥ ምን እንደሚያመጣ ግልጽ ይሆንልናል። በኢብኑ ሲና ታሪክ ተራኪው «እኔ» ይላል። ከጓደኞቹ ጋር ከከተማው ወጣ ብሎ ሲንሸራሸር ፊቱ የሚያበራ ሽማግሌ ያገኛል። የሽማግሌው ስም ሐይ ኢብኑ የቅዛን ነው። ሽማግሌው ሁሉን ያውቃል፤ ተራኪው ይጠይቃል፣ ሽማግሌው ያስተምራል። ዕውቀቱ አስቀድሞ ያለቀ፣ የተዘጋጀ ነው።

ኢብኑ ጡፈይል ስሙን ወስደው ሰውየውን ለወጡት። ሁሉን የሚያውቀው ሽማግሌ ምንም የማያውቅ ሕፃን ሆነ። «እኔ» የሚለው ድምፅም ከታሪኩ ውስጥ ወጣ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሕፃኑ ሰው በሌለበት ደሴት ያደገ፣ ቋንቋ የሌለው ልጅ ነው። ቃል የሌለው ልጅ «እኔ» ብሎ ሊተርክ አይችልም። ስለዚህ ሌላ ሰው ሊተርክለት ግድ ነው። ችግሩም ይኸው ነው፤ ሁሉን የሚያውቅ ሐኪም ምንም ለማያውቅ ልጅ ሲተርክለት ልጁን እንዳይውጠው ምን ያድርግ?

መጽሐፉ የሚጀምረው በደብዳቤ መልክ ነው። ኢብኑ ጡፈይል ስለ ጥበብ ምሥጢር ለጠየቃቸው ወንድም ይጽፋሉ። እዚህ ላይ በራሳቸው ድምፅ ስለ አልፋራቢ፣ ስለ ኢብኑ ሲና፣ ስለ አልገዛሊና ስለ ኢብኑ ባጃ ያላቸውን አስተያየት ይናገራሉ። የራሳቸውን ሐሳብ ተናግረው የሚወጣላቸው እዚህ ነው። ከዚያ ታሪኩን ይጀምሩና «እኔ» ማለታቸውን ይተዋሉ።

ደሴቱ በሕንድ በኩል፣ ከምድር ወገብ በታች ያለ ነው። ልጁ ከየት መጣ ለሚለው ሁለት መልስ ያቀርባሉ። አንዱ ወገን ያለ እናትና አባት ከደሴቱ ጭቃ ተገኘ ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ በአቅራቢያው ባለ ደሴት አንድ ኩሩ ንጉሥ ነበር፤ እህቱ የቅዛን የሚባል ዘመዷን በስውር አግብታ ወለደች፤ ፈርታም ሕፃኑን በሣጥን አድርጋ ባሕር ላይ ጣለችው፤ ማዕበሉም ወደዚህ ደሴት አመጣው ይላል። የነቢዩ ሙሳን (ዐ.ሰ) ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ወዲያው ያስታውሳል። ተራኪው ከሁለቱ አንዱን አይመርጥም። ማናችንም ስለ ውልደታችን የምናውቀው ሌሎች የነገሩንን ነው። ሐይ ደግሞ የሚነግረው የለም። ተራኪው ይህን ክፍተት ክፍት አድርጎ ይተወዋል።

ሕፃኑ ሲያለቅስ ግልገሏን ንስር የወሰደባት ሚዳቋ ትሰማዋለች፤ ታጠባዋለችም። ልጁ የሚዳቋዋን ድምፅ፣ የወፎችንም ጩኸት እየመሰለ ያድጋል። እያደር ራሱን ከእንስሳቱ ጋር ያስተያያል። እነሱ ቀንድ፣ ጥፍር፣ ጸጉርና ላባ አላቸው፤ እሱ ራቁቱን ነው፣ መሣሪያም የለውም። ሰባት ዓመት ሲጠጋው ተስፋ ቆርጦ በቅጠል ይሸፈናል፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ይወድቃል። ቆይቶ የሞተ ንስር ያገኝና ላባውን ይለብሳል። እዚህ ቦታ ተራኪው ሰው ከእንስሳ ስለሚለይበት ክብር ሊያስተምረን በቻለ ነበር። አያደርገውም። የምናየው አንድ የሚያፍርና የሚቀና ልጅ ነው።

የሚዳቋዋ ሞት

የመጽሐፉ ልብ ሚዳቋዋ የምትሞትበት ክፍል ነው። ሚዳቋዋ አረጀች፤ ልጁ ጥሩ ግጦሽ ወዳለበት ይወስዳታል፣ ጣፋጭ ፍሬ እየለቀመ ያበላታል። አንድ ቀን መንቀሳቀሷን አቆመች። ልጁ ሁልጊዜ በምትመልስለት ድምፅ ጠራት፤ አልመለሰችም። ጆሮዋን አየ፣ ዓይኗን አየ፤ የተጎዳ ነገር አልነበረም። እንግዲህ የተበላሸው ቦታ ከውስጥ ነው፤ እሱን አግኝቼ እንቅፋቱን ባነሣ ትመለሳለች ብሎ አሰበ። በራሱ ላይ ሞከረ፤ ዓይኑን ሲጋርድ አያይም፣ ሲገልጥ ያያል። በዚህ ተመርቶ ፍለጋውን ወደ ደረቷ አመጣ። በስለታም ድንጋይና በተሰነጠቀ ደረቅ ሸምበቆ ደረቷን ከፈተ። ሳንባውን አልፎ ልቧን አገኘ። ልቡ ሁለት ክፍል ነበረው፤ ቀኙ በረጋ ደም የተሞላ፣ ግራው ባዶ። እዚያ ይኖር የነበረው ሄዷል ብሎ ደመደመ። ያኔ እናቴ የሚለው ያን የሄደውን እንጂ የተጋደመውን አካል እንዳልነበር ተረዳ። አካሉን ምን እንደሚያደርገው ሳያውቅ ሁለት ቁራዎች ሲጣሉ አየ፤ አንዱ ሌላውን ገደለ፣ መሬት ጫረና ቀበረው። ልጁም እንዲሁ አደረገ። የአደም ልጆችን ታሪክ ከቁርአን ለምናውቅ ቁራው አዲሳችን አይደለም።

ይህን ክፍል የጻፉት ሐኪም መሆናቸውን እናስታውስ። የልብን አሠራር በዘመናቸው ዕውቀት ልክ ያውቃሉ። ሞትን በየቀኑ ያዩ ነበር። ሚዳቋዋ ሞተች ብለው በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊያልፉት፣ ስለ ሩሕም በቀጣዩ ገጽ ሊያስተምሩን ይችሉ ነበር። ነገር ግን ዕውቀታቸውን ይዘው ከልጁ ኋላ ቆሙ። ልጁ ሲጠራት እኛም እንጠብቃለን። ደረቷን ሲከፍት ያድናታል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። በዎርክሾፕ የቆመ ማሽን ስንፈትሽ ከውጭ ወደ ውስጥ አንድ በአንድ እንደምንሄድ ሁሉ ልጁም እንዲሁ ይሄዳል፤ ልዩነቱ ከፊቱ ያለችው እናቱ መሆኗ ነው። ስለ ሩሕ የሚደርስበት መደምደሚያ ከሐዘኑ የወጣ ስለሆነ ከማንኛውም ትምህርት በላይ ይነካናል።

ከዚያ በኋላ ልጁ በሰባት በሰባት ዓመት እየተለካ ያድጋል። በሸምበቆ ጫካ የተነሣ እሳት አይቶ እሳት መያዝ ይማራል። 21 ዓመት ሲሞላው ቆዳ ይለብሳል፣ ማከማቻ ይሠራል፣ እንስሳ ያላምዳል። ቀጥሎ ዓይኑን ወደ ሰማይ ያነሣል፤ ይህ ሁሉ አስገኚ እንዳለው በራሱ አስተውሎ ይደርስበታል።

ኢብኑ ጡፈይል ሁልጊዜ ከልጁ ኋላ ቆመው አልቀሩም። ስለ ጭቃው ሲተርኩ የዘመኑን የተፈጥሮ ትምህርት በረጅሙ ይዘረዝራሉ፤ እዚያ ቦታ ሕፃኑ ይጠፋብናል። ሐይ ወደ ጥልቅ ተመስጦ ሲደርስም ታሪኩን አቁመው አንባቢውን በቀጥታ ያናግራሉ፤ ቃል እዚህ አይደርስም ይሉታል። የመጀመሪያው ትረካውን ይጎዳዋል። ሁለተኛው ግን ተራኪው የሚያውቀው የት ላይ እንደሚያበቃ ማመኑ ስለሆነ አያስከፋም።

ሌላ ሰው ሲመጣ

ሐይ ሃምሳ ዓመት ሲጠጋው አብሳል የሚባል ሰው ለብቻው ሊያመልክ ከጎረቤት ደሴት ይመጣል። እዚህ ላይ አንፃሩ ይሰፋል። እስካሁን በአንድ ሰው ዓይን ብቻ ስናይ ቆይተን አሁን በሁለት ዓይን እናያለን። ሐይ የአብሳልን ጥቁር ካባ አይቶ የተፈጥሮ ጸጉሩ ይመስለዋል። አብሳል በበኩሉ ቆዳ የለበሰ፣ ጸጉሩ የረዘመ ሰው ሲያይ ፈርቶ ይሸሻል። ተራኪው ለአንዳቸውም አያደላም።

አብሳል ለሐይ ቋንቋ ያስተምረዋል። ሐይም ያየውን መናገር ይችላል። ያኔ አብሳል በሃይማኖቱ የተማረው ሐይ ካስተዋለው ጋር የሚስማማ ሆኖ ያገኘዋል። ሐይ ስለ ሶላት፣ ዘካ፣ ጾምና ሐጅ ሲነገረው ይቀበላል፤ ይፈጽማልም።

ሁለቱ ወደ አብሳል አገር ይሻገራሉ። በዚያ ሰላማን የሚባል መሪ አለ። ሐይ ለሰዎቹ የደረሰበትን በሙሉ ሊያስተምር ይነሣል። ሰዎቹ ግን ይሸሹታል፤ በልባቸውም ይጠሉታል። ሐይ እያንዳንዱ ሰው የሚሸከመው የተለያየ መሆኑን ሲረዳ ይቅርታ ጠይቋቸው፣ የያዙትን ሸሪዐ አጥብቀው እንዲይዙ መክሯቸው ከአብሳል ጋር ወደ ደሴቱ ይመለሳል። ተራኪው ጀግናው ሲሸነፍ አልሸሸገም። ሐይ የሚሰማውን ሰው ሳያውቅ ማስተማር በመጀመሩ እንዳልተሳካለት ፊት ለፊት ያሳየናል።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያለው የፍልስፍና ክፍል ብዙ ያከራከረ ነው፤ አእምሮ ብቻውን ምን ያህል ይደርሳል የሚለውም ሊቃውንትን የለያየ ጉዳይ ነው። ያንን ለባለ ዒልሞቹ እንተወዋለን። እኛ እዚህ የያዝነው የአተራረኩን ነገር ነው።

የመጨረሻ ዓመታትና ከዚያ ወዲያ

በ1182 ኢብኑ ጡፈይል ከሐኪምነታቸው ተሰናበቱ። ቦታቸውን የያዙት ያው ኢብኑ ሩሽድ ናቸው። በ1184 ኸሊፋው አቡ የዕቁብ ዩሱፍ በሳንታሬም ከበባ ቆስለው ሞቱ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1185 (581 ዓ.ሂ) ኢብኑ ጡፈይል በመራኪሽ አረፉ፤ አዲሱ ኸሊፋም በቀብራቸው ላይ ተገኙ። አላህ ይዘንላቸው።

ከተማሪዎቻቸው አንዱ የሥነ ፈለክ ሊቁ አልቢጥሩጂ ነበሩ። ኢብኑ ጡፈይል በበጥሊሞስ የሰማይ አቀማመጥ ላይ ጥርጣሬ ነበራቸው፤ የተሻለ አግኝቻለሁ ብለው ለተማሪያቸው ቢነግሩም አልጻፉትም። አልቢጥሩጂ ሐሳቡን ተከትለው የራሳቸውን መጽሐፍ ጻፉ፤ መነሻውም ከመምህራቸው የሰሙት መሆኑን በመጽሐፋቸው መሰከሩ። ይህም መጽሐፍ ወደ ላቲን ተተርጉሞ በአውሮፓ ተነበበ።

«ሐይ ኢብኑ የቅዛን» ራሱ ረጅም መንገድ ተጉዟል። በ1349 ሙሴ ናርቦኒ የተባሉ አይሁዳዊ ሊቅ በዕብራይስጥ ማብራሪያ ጻፉበት። በ1671 ታናሹ ኤድዋርድ ፖኮክ በኦክስፎርድ ከላቲን ትርጉም ጋር አሳተሙት፤ የላቲኑ ርዕስ ራሱን በራሱ ያስተማረው ፈላስፋ የሚል ትርጉም ነበረው። በ1708 ሳይመን ኦክሊ ከዐረብኛው ወደ እንግሊዝኛ መለሱት። ከ11 ዓመት በኋላ የዳንኤል ዴፎ «ሮቢንሰን ክሩሶ» ታተመ። አንዳንድ ተመራማሪዎች በሁለቱ መካከል ዝምድና ያያሉ። ለእኛ ግን ልዩነታቸው ይበልጥ ያስተምራል። ክሩሶ ደሴቱ ላይ የደረሰው አዋቂ ሆኖ፣ ቋንቋ ይዞ፣ ከመርከቡ መሣሪያ አውርዶ ነው። ስለዚህ «እኔ» ብሎ መተርክ ይችላል፤ የሚነግረንም ያደረገውን ነው። ሐይ ግን ባዶ እጁን ነው። ስለ እሱ የሚነገረን እንዴት እንዳወቀ ነው።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው?

ስለ እኛ ስለ ወጣቶች ብዙ ይነገራል። በቤት፣ በመስጊድ፣ በመገናኛ ብዙኃን የዛሬ ወጣት እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው ይባላል። ከሚናገሩት ብዙዎቹ ሳይጠይቁን ያወቁን ናቸው። ይህ ሲሆን ምን እንደሚሰማን እናውቀዋለን። ታዲያ ብዕር ስንይዝ ስለ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ጽፈን ሳንጠይቀው ካብራራነው፣ የማንወደውን ነገር ከእኛ በሚያንስ ሰው ላይ አደረግነው ማለት ነው።

አንዳንድ እህቶችና ወንድሞች ስጋት አላቸው። ልጁን ከጥያቄው ጋር ብንተወው አንባቢው ተጠራጥሮ ይቀራል፤ ስለዚህ ተራኪው ቶሎ ደርሶ መልሱን መስጠት አለበት ይላሉ። ስጋቱ ከመልካም ኒያ የመነጨ ነው። የሐይ ታሪክ ግን ሌላ ያሳያል። ሐይ ስለ አስገኚው የደረሰበት ነገር የጠነከረው ሚዳቋዋን ሲጠራ መልስ ያጣበት ሰዓት ስላልተቆረጠበት ነው። ጥያቄውን አብሮ ያልጠየቀ አንባቢ መልሱን ቢሰጡትም የእሱ አይሆንም።

ስለዚህ ለዚህች መጽሔት ልቦለድ ለመጻፍ የምታስቡ፣ ከመላካችሁ በፊት እያንዳንዱን ገጽ እንዲህ ፈትሹት። ልጁ በዚህ ሰዓት የሚያውቀው ምንድን ነው? ያንን የሚናገርበት ቃል አለው? «እኔ» ብሎ የሚተርክ የስምንት ዓመት ልጅ የዑለማ ንግግር ከተናገረ፣ ወይ ዕድሜውን ቀይሩ፣ ወይ በሦስተኛ መደብ ጽፉት። በሦስተኛ መደብ ስትጽፉም ከልጁ ዓይን ውጭ ያለውን ነገር የምታስገቡት ታሪኩ ሲፈልገው እንጂ እናንተ ስለምታውቁት አይሁን። የራሳችሁን ሐሳብ መናገር ከፈለጋችሁ ኢብኑ ጡፈይል እንዳደረጉት በመግቢያ ላይ በራሳችሁ ስም ተናገሩት፤ ከዚያ ለልጁ ቦታ ልቀቁለት።

በሚቀጥለው እትም ለወጣት ጀግና ታሪኮች ሰፋ ያለ ቦታ እንይዛለን፤ ጽሑፎቻችሁን እንጠብቃለን። አላህ የሚጠቅመንን ዒልም ይስጠን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።